የልብስ ማጠቢያው ኩርባ

ጥር 6

እትዬ፣

ቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር። ወገቤ ደግሞ ድሮም ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ስልክ ያልደወልኩት አኩርፌ አይደለም። ባለቤትሽ ጋሼ ካነሳው ስለ ጎማና ስለ ማርሽ አንድ ሰዓት ያወራኝና አንቺ ጋ ሳልደርስ መስመሩ ይቆረጣል። ደብዳቤ ግን አይቀማሽም።

«ዝም ብላችሁ ነው ወይ የምትበሩት?» ላልሽኝ፣ አይደለም። ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ ነው እብድ የሚለን። ከመኪና ውድድሩ በፊት መንገዱን በተራ መኪና፣ ቀስ ብለን፣ ሁለት ጊዜ እንሄድበታለን። ቅኝት እንለዋለን። ሾፌሬ ቀጮ እየነዳ ያየውን ይናገራል፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። ኩርባ ሁሉ ቁጥር አለው። አንድ ማለት መኪናዋን ወደ ኋላ ሊያዞራት የደረሰ ጥምዝ ነው፤ ስድስት ማለት ቀጥ ለማለት ትንሽ የቀረው። «ግራ ሁለት፣ ከውስጥ ድንጋይ አለ፣ መቶ ሜትር፣ ቀኝ አምስት» እያልን መንገዱን እንዳለ ደብተር ላይ እናወርደዋለን። በሁለተኛው ዙር እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያርማል። ከዚያ ቤት ገብቼ በንጹህ እገለብጠዋለሁ። ቀጮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ የምሳ ሳህን እንደ መሪ ይይዛል፤ እኔ ሳነብ እሱ ሳህኑን ያዞራል። አከራያችን አንድ ቀን በሩን ከፍታ አየችንና ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው።

በውድድሩ ቀን እኔ መንገዱን አላየውም። ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነው፤ መንገዱን የማውቀው በመቀመጫዬ ነው። እሱ ደግሞ የሚነዳው የምለውን እየሰማ ነው። በዚህ እንደ ባልና ሚስት ነን። የሚለየን እሱ የምለውን መስማቱ ብቻ ነው።

የጋሼን ጥያቄ ልመልስ። እሱ የሚመራው የውድድር ተመልካቾች ማኅበር የት ቆሞ ቢያይ ይሻላል ለሚለው፣ እናንተ ደጅ ያለውን ኩርባ ይተዉት። የልብስ ማጠቢያሽ ግንብ ጋ ያለውን «ቀኝ አራት» ብለነዋል። ደረቅ አስፋልት ነው፤ ቀጮ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግሩን ትንሽ አንሥቶ ያልፈዋል፤ ለሚያይ ሰው ምንም የለውም። ዝናብ ቢጥልበት ኖሮ ያምር ነበር። ወደ ድልድዩ ይውጡ በይው። ደግሞ ንገሪው፣ በነጥብ የምንመራው እኛ ስለሆንን መጀመሪያ የምታልፈው መኪና የእኛ ናት።

ታናሽሽ

ጥር 17

ሚጢዬ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄ በሳሙና ነበር፤ ጫፉ ቢጨማደድ አትቀየሚኝ።

ምን አስከፋሽ ላልሽኝ፣ ሳሎኔ ነው። የማኅበሩ ሰዎች ከገቡበት ሁለት ሳምንታቸው ነው። ጋሼሽ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በቀይና በሰማያዊ እርሳስ፣ ለተማሪዎቹ የጂኦግራፊ ፈተና እንደሚያወጣ ይሰምርበታል። ማን መሰላል ይዞ ይመጣል፣ ማን ሸራ ይዘረጋል፣ መንገዱ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ስንት ሰዓት ላይ ቦታ መያዝ አለበት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ቀሪው ነው የሚያንገሸግሸኝ። የኦቾሎኒያቸውን ልጣጭ የሚጥሉት የተተኮሰ አንሶላ ባለበት ቅርጫት ውስጥ ነው። አምና የማኅበሩ እንግዶች ግንቤ ላይ ሸንተው የሄዱበት ሽታ ክረምቱ ካጠበው በኋላም አልለቀቀም፤ እነሱ ግን ስለ እሱ ሲስቁ ዓይናቸው ያነባል።

ከሁሉ የከፋው ወሬያቸው ነው። ያለፉትን ዓመታት ግጭቶች አንድ በአንድ እያነሡ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። መድኃኒት ሻጩን ታውቂዋለሽ፤ ሰው መዳን አለበት ብሎ የሚያድር የሚመስለውን። «መኪና ካልተገለበጠ ተራ መንገድ ዳር ቆሜ ከመዋል በምን ይለያል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼሽም ሳቀ። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

ወደ ድልድዩ ውጡ ያልሽውን ነግሬዋለሁ። አልወደደውም። ፎቶ አንሺው ሁሉ ድልድዩ ጋ ነው የሚሄደው፤ የእኛ ግንብ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ይህ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ነው የያዘው። የጻፍሽውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቢልኝ አለኝ። ያስታውሳል መሰለኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ የመጀመሪያውን ውድድር በትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳየሽ እሱ ነው። አሁንም ስምሽን ሲያነሣ ደረቱ ይነፋል።

እንግዳ ማረፊያዎቹ ሞልተዋል፤ አንሶላ እንደ ጉድ ይጎርፍልኛል። የእጣቢው ገንዳ አፍ አፉ ደርሷል፤ ከውድድሩ በኋላ ነው የማስመጥጠው። በዚያን ቀን መስኮት ዘግቼ እተኩሳለሁ። አንቺን በዚያ ፍጥነት ማየት አልችልም፤ አትፍረጂብኝ።

እትዬሽ

ጥር 30

ሚጢዬ፣

ፊደሉ የአንቺ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ነርሷን አመስግኚልኝ፤ ትከሻሽ እስኪጠግን እሷ ትጻፍልሽ።

ሆስፒታል መጥቼ አንድ ቀን ብቻ ተቀምጬ በመሄዴ ይቅርታ። አንሶላ አለብኝ ብዬሽ ነበር። አንሶላ አልነበረብኝም።

ምን አየሽ ላልሽኝ፣ ምንም አላየሁም። እንዳልኩሽ መስኮቱን ዘግቼ እየተኮስኩ ነበር። የሰማሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሰማሁት ጭብጨባ ነው። ከዚያ ግጭቱ መጣ፤ ቤቱ ተነቃነቀ፤ መተኮሻው ከእጄ ወደቀ። ጭብጨባው ግን አላቆመም። ከግጭቱም በኋላ፣ ምናልባት እስከ አሥር ብቆጥር፣ ያጨበጭቡ ነበር። ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጧል። ስወጣ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ሲወርዱ አየሁ። ግማሾቹ እናንተን ሊያወጡ ነው፤ ለእነሱ ምስጋና ይግባቸው። ግማሾቹ ግን ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። አንዱ የጎን መስታወቷን ከሽቦዋ ነቅሎ ሸሚዙ ውስጥ ሲከታት በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ገና ውስጥ ነበርሽ።

ስለ አስፋልቱ የጠየቅሽኝን፣ በላዩ የታየው አረፋ ከእሳት ማጥፊያው ነው ይላሉ።

የቀጮን እግር ሰማሁ። ከጉልበቱ በታች ነው የተቆረጠው አሉኝ።  ምግብሽን ብዪ፣ ራስሽን አድክመሽ አታስቢ።

እትዬሽ

የካቲት 8

እትዬ፣

ይህ የራሴ ፊደል ነው፤ የተንጋደደው ትከሻዬ ስላልጠና ነው። ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ቀጮ እዚያው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ።

ማን ምን አለሽ ላልሽኝ፣ የቡድናችን ኃላፊ ነው። አልጋዬ ድረስ መጣ። ስቴኪኒ ጥርሱ ውስጥ ሰክቶ፣ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዘዋወረ፣ «ደብተሩን አይተነዋል። ቀኝ አራት ነው የሚለው» አለኝ።

«ቀኝ አራት ነው ያልኩት» አልኩት።

«ከሥሩ ያለው መስመር ቀኝ ስድስት ነው። መስመር ዘለሽ ስድስት ብለሽው ቢሆንስ?»

«አላልኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነሽ ሲለኝ፣ እትዬ፣ እርግጠኝነቴ ጠፋ። መኪናዋ ውስጥ የነበረው የድምፅ መቅጃ ተሰባብሯል። የማስታውሰው ከአፌ የወጣውን ነው ወይስ ደብተሩ ላይ ያለውን? እሱ ስቴኪኒውን አውጥቶ ጫፏን አየና አልጋዬ አጠገብ ካለው ሳህን ላይ አስቀመጣት። «አስቢበት» ብሎኝ ሄደ። ያቺ ስቴኪኒ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ እዚያው ነበረች። ከሕመሙ ይልቅ የቀፈፈኝ እሷ ናት።

አሁን የራሴ ድምፅ አስጠልቶኛል። ትናንት ዳቦ ቤት ገብቼ «አራት» ማለት አቅቶኝ አምስት ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ።

ቀጮን አላየሁትም። ከመውጣቴ በፊት በነበረው ቀን ደረጃውን ጀምሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩና ተመለስኩ። እግሩን ያስቆረጥኩት እኔ ከሆንኩ ምን ብዬ ልግባ?

አንድ ነገር ለምኚልኝ። ጋሼ ግንቡ ላይ ነበር። የእሱን ዓይን ታውቂያለሽ፤ ገና ከሩቅ የመኪና ድምፅ ሰምቶ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለች የሚናገር ሰው ነው። መኪናዋ እንዴት እንደገባች ያየውን ይጻፍልኝ። ከልክ በላይ ፈጥነን ከገባን ስድስት ብያለሁ ማለት ነው። እሱ ካለ አምናለሁ።

ታናሽሽ

የካቲት 15

ሚጢዬ፣

መልእክትሽን ነግሬዋለሁ። እጽፍላታለሁ ብሏል።

ለምን አጠርሽብኝ ላልሽኝ፣ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጻፍ ከብዶኝ ነው። ያቺ የጎን መስታወት የት እንደገባች አውቄያለሁ። ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ ናት፤ ሰውየው ለማኅበሩ ሊቀመንበር ስጦታ ብሎ አምጥቷት። ጋሼሽ በጨርቅ ወልውሎ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ አስቀመጣት። «አንሣት» አልኩት። «የልጅቷ ማስታወሻ ናት» አለኝ።

ከማኅበሩ አንዱ ግጭቱን በቪዲዮ ቀርጾታል። ባለፈው እሑድ ስምንት ሆነው ሳሎን ቁጭ ብለው አዩት። እኔ የታጠበ ብርጭቆ ይዤ ስገባ መኪናችሁ ጎኗን ሰጥታ ስትመጣ ነበር። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ መልሰው» አለ መድኃኒት ሻጩ። መለሱት። አሁንም መለሱት። ሦስተኛው ላይ ጋሼሽ ተነሥቶ ሊዘጋው ነው ብዬ ነበር። መብራቱን አጠፋው፤ በደንብ እንዲታይ። ጓሮ ወጥቼ አስመለሰኝ።

ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልበላሁም። ሲያኝክ ማየት አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያኝክ ሳየው ኖሬ አሁን ጉንጩ ሲንቀሳቀስ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ።

ምንም ወረቀት አትፈርሚ። ማንም ፈርሚ ቢልሽ እትዬ ከልክላኛለች በይ።

እትዬሽ

የካቲት 23

እትዬ፣

ለምን እንደማልፈርም አልነገርሽኝም። አትፈርሚ ብቻ አልሽኝ፤ ቀጥሎ ዝም አልሽ። በስልክ ስጠይቅሽም ጋሼ አጠገብሽ ነበር መሰለኝ፣ ስለ አየሩ ነገርሽኝ።

እሱ ግን ጽፎልኛል። እግዜር ይስጠው፤ እንደ አባት ነው የጻፈልኝ። አንብበሽው እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ ልገልብጥልሽ። «ልጄ፣ መኪናዋ ከልክ በላይ ፈጥና ነው የገባችው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ነሽ፤ ሰው ይሳሳታል። ማንም ስለማይፈርድብሽ አንቺም በራስሽ አትፍረጂ። እኔ ሁልጊዜ እኮራብሻለሁ።» ይላል።

አለቀስኩና ቀለል አለኝ። ቢያንስ ማወቅ ደግ ነው። መጋቢት 8 የግጭቱን መንስኤ የሚያጣራው ኮሚቴ ይሰበሰባል። ስድስት ብዬ አንብቤአለሁ ብዬ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ ለማንም ምንም አላነብም። ኃላፊው ወረቀቱን አዘጋጅቶልኛል፤ ስሜን መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ለቀጮም ግልባጩ ይሰጠዋል፤ በዚያው ያውቀው። ፊቱን እያየሁ ልነግረው አልችልም።

ጋሼን በእኔ ስም እቀፊው።

ታናሽሽ

የካቲት 28

እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ሰው አጠገብሽ ካለ ይውጣልሽ።

አልተሳሳትሽም። አራት ነው ያልሽው። ጋሼሽ የጻፈልሽ ውሸት ነው፤ አውቆ የጻፈው ውሸት።

በውድድሩ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እናንተን አምቡላንስ ከወሰዳችሁ በኋላ፣ እጣቢው ገንዳ ጋ ሄድኩ። አፍ አፉ የነበረው ገንዳ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ የሳሙና ዝቃጭ ብቻ ቀርቷል። መድፈኛው ተነቅሎ፣ የአትክልት ማጠጫዬ ጎማ ተገጥሞ፣ ጫፉ ወደ መንገዱ ዞሯል። ደጅ ወጥቼ አስፋልቱን አየሁ። አረፋው ከግንቡ ጥግ አንሥቶ ኩርባው መግቢያ ድረስ ነበር፤ የእሳት ማጥፊያው ሰው ከረጨበት ቦታ ሠላሳ እርምጃ ያልፋል። ለካሁት። ያ የሳሙና ሽታ የእኔ ነው፤ ስንት ዓመት እጄ ላይ የኖረ።

በሦስተኛው ቀን ጠየቅሁት። ከትምህርት ቤት ገብቶ ኮቱን እየሰቀለ ነበር።

«ገንዳውን ማን ከፈተው?» አልኩት።

«የቱን ገንዳ?»

«አንድ ገንዳ ነው ያለኝ።»

ኮቱን ሰቅሎ ጨረሰ። አስተካከለው። «መኪናዋ ትንሽ እንድትንሸራተት ነው» አለኝ። «ቀድማ መንገዱን የምትፈትሸው መኪና ካለፈች በኋላ ነው የለቀቅነው። ጎኗን ሰጥታ እንድትዞር፣ ለዓይን እንድታምር ብቻ። በየቦታው እኮ ያደርጉታል።»

«እህቴ ውስጥ እንደነበረች ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው እኮ። ቀጮ ይይዛታል አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን አላደርገውም ነበር።»

ይህን ሲል ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ኩራት ነበር። በእናንተ ይኮራ ነበር፤ ሳሙና ላይ እየለቀቃችሁ።

«ደግሞ እሷ ራሷ አይደል የጻፈችው?» አለኝ። «ዝናብ ቢጥልበት ያምራል ብላ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለኝ።

አሁን የሚቀጥለውን አንብቢ፤ ከዚህ ይብሳል። ይህን ከነገረኝ ሠላሳ ቀን ሆኖታል። ሠላሳ ቀን ሙሉ አውቄ ዝም አልኩሽ። አስተማሪነቱን ያጣል፣ ይታሰራል አልኩ። አንቺን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ሰው ነው አልኩ። ደግሞ ይህንንም ልናዘዝ፤ ሳሙናው የማን ነው ሲባል የእኔ ነው ማለት አፈርኩ። አንቺ አራት ማለት አቅቶሽ አምስት ዳቦ ገዛሁ ስትዪኝ ያንን ደብዳቤ አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ወደ ልብስ አጠባዬ ተመለስኩ። እሱን ሲያኝክ ተጸየፍኩት እንጂ እኔም በዚያ ቀን ምሳዬን በልቻለሁ።

እሱ የጻፈልሽን ግን አላነበብኩትም ነበር። አንቺ ስትገለብጪልኝ ነው ያየሁት። «በራስሽ አትፍረጂ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። ለአጣሪ ኮሚቴው የጻፍኩት ነው፤ ገንዳውን፣ ጎማውን፣ ሠላሳውን እርምጃ፣ እሱ ያለኝን በሙሉ። ፈርሜበታለሁ። ሙሉ ስሜንና ሥራዬን ጽፌአለሁ። ስጪያቸው።

እትዬ በይኝ አልልሽም።

መጋቢት 4

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ወረቀቱን ለኮሚቴው በእጄ ሰጥቻለሁ።

ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ። ይቅርታሽን ማንበብ አልችልም። ቤት ውስጥ የሆነውን ብቻ ጻፊልኝ፤ የሆነውን እንጂ የተሰማሽን አይደለም።

የጋሼን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው። ትራሱን ጣልኩት።

መጋቢት 12

እህቴ፣

እንዳልሽኝ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሰኞ ሁለት ፖሊሶችና ከአዘጋጆቹ አንድ ሰው መጡ። ገንዳውን አሳየሁ። ጎማውን አሳየሁ። ጋሼሽ ጥቁር ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ «ባለቤቴ ሰሞኑን አሟታል፤ እንቅልፍም የላትም» አላቸው። በጣም በትሕትና ነው የተናገረው። አንደኛው ፖሊስ ማስታወሻውን ሊዘጋ ነበር። ከዚያ መድኃኒት ሻጩን ጠሩት። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁት ሁሉን ዘረገፈው፤ መድፈኛውን የነቀለው እሱ ነው፣ ሰዓት የያዘው ሌላው ነው፣ ያዘዘው ሊቀመንበሩ ነው። ሁሉንም በጋሼሽ ላይ አራገፈና እጁን በመሐረቡ ጠረገ።

ትምህርት ቤቱ ከሥራ አግዶታል። በዋስ ወጥቶ ፍርድ ቤት ይጠብቃል።

ማክሰኞ ጠዋት የሰጣሁት አንሶላ ላይ የበሰበሰ ቆሻሻ ደፍተውበት አገኘሁ። አርባ አንሶላ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ማየትም አላስፈለገኝም። በግንቡ ላይ ስለ እኔ የተጻፈውን አልጽፍልሽም። ከማኅበሩ ሰዎች የአንዱ ሚስት፣ ልጆቿን አብሬያት ያሳደግሁላት ሴት፣ መንገድ ላይ ስታየኝ አፍንጫዋን ይዛ ተሻገረች። ሰው አካል ጎደለ ብላ ሳይሆን፣ ከእንግዲህ ውድድሩ በእኛ በኩል አያልፍም ስለተባለ ነው።

ረቡዕ ከቤት ወጣሁ። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ፤ ግድግዳዋ ርጥብ ነው፣ በሯ ግን የሚቆለፍ ነው። ትናንት መጣ። መተኮሻዬን ይዞልኝ፤ ረስተሻት ነው ብሎ። ግባ አላልኩትም፤ የበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ ተነጋገርን።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ያልፍ ነበር» አለኝ።

«ሠላሳ ቀን ዝም ብዬ አየሁት» አልኩት። «አያልፍም።»

«ልጅቷ ምን ትላለች?»

«ልጅቷ ብለህ አትጥራት።»

መተኮሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሲሄድ ከጀርባው ሽማግሌ ይመስላል። አላዘንኩለትም፤ ይህ የተሰማኝ ነው፣ ይቅርታ፣ የሆነውን ብቻ ብለሽኝ ነበር።

መጋቢት 19

እትዬ፣

እጄ ይህን ቃል ልማድ ሆኖበት ጻፈው። ይቀመጥ፤ አልሰርዘውም።

ኮሚቴው ምርመራውን ጨርሶ ነጻ ነሽ አለኝ። የቡድኑ ኃላፊ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ እጄን ጨበጠ። «ሁልጊዜም አምንሽ ነበር» አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

በማግስቱ ቀጮ ጋ ወጣሁ። አንቺን «ሠላሳ ቀን» እያልኩ ስረግምሽ ሰንብቼ፣ ደረጃው ላይ ሆኜ የራሴን ቆጠርኩት። ሃምሳ ሁለት ቀን። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሃምሳ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ ከዚያ በላይ ይከሳል ብዬ አላስብም ነበር። አንሶላው ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ነው። እኔ ያየሁት ያንን ጠፍጣፋ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊቱን ማየት እስክችል ትንሽ ቆየሁ።

«አጣሪ ኮሚቴው ነው የላከሽ?» አለኝ።

«አይ።»

«እሺ ተቀመጪ።»

ወረቀትሽን አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ መስመር ሳልዘል። ጨርሼ ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«አስፋልቱ ነጭ ነበር» አለኝ። «አይቼዋለሁ። ለኃላፊው ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጭንቅላትህን ተመትተሃል፣ መድኃኒቱ ነው የሚያሳይህ አለኝ።»

«እኔ ስድስት ያልኩ መስሎኝ ነበር።»

«አራት ነው ያልሽው። አራት ባትዪኝ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሣም ነበር። ግንቡን በስድስት ብንገባበት እዚህ ቁጭ ብለን አናወራም።» ከዚያ ዞሮ አየኝ። «ለምን ጠፋሽብኝ? ሚስቴ መጣች፣ አከራያችን መጣች፣ ጎማ ለዋጩ እንኳ መጣ። አንቺን ነበር የምጠብቀው። በር በተከፈተ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ።»

 አፍሬ ነው ልለው ብዬ ቃሉ ራሱ ቀፈፈኝ። የእኔ ማፈር ለእሱ ምን ያደርግለታል? የማውቀውን መኪና፣ የማውቀውን ሰው፣ የራሴን አፍ ትቼ የአንድ ኃላፊ ስቴኪኒ አመንኩ። አንድ ጊዜ ደረጃውን ብወጣ ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ይለይ ነበር። ያንን ያስቀረው ጋሼ አይደለም፤ አንቺም አይደለሽም።

ጋሼን ትጠይቀኛለሽ ብዬ እፈራለሁ፤ ሳትጠይቂኝ ልመልስ። ፍርድ ቤት ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፤ የማውቀውን እናገራለሁ። በትከሻው ላይ ሆኜ ያየሁትን ውድድርም እናገራለሁ፤ እሱም እውነት ነው። ከዚያ ውጭ ስሙ በተነሣ ቁጥር አፌ ውስጥ የሳሙና ጣዕም ይመጣል። የሚለቅ አይመስለኝም።

አንቺን በተመለከተ አልታረቅኩሽም። እንደ ድሮው የምንሆን አይመስለኝም፤ እንዲያ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ቀጮ ግን ወረቀቱን ወስዶ ከታች ያለውን ፊርማሽን ብዙ ጊዜ አየው። «ያጋለጠችው ባሏን ነው አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ይህቺን ሴትዮ አምጪልኝ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሊያመሰግንሽም ይሆናል፣ ሊቆጣሽም ይሆናል። ሁለቱም ይገባሻል።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠያቂ ያስገባሉ። ምንም ይዘሽ አትምጪ። ስታገኚኝ ልትስሚኝ አትቅረቢ፤ ልገፋሽ እችላለሁ፤ ሰው ፊት እንዲሆን አልፈልግም። ከደረጃው ሥር ጠብቂኝ፤ ብቻሽን እንዳትወጪ። አብረን እንገባለን።